ተረካቢው ያልታወቀ እርሻ

እርሻችንን አይቶ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኮምፖስት፣ ማለትም ስለ ብስባሽ ማዳበሪያ፣ እንዳወራለት ይጠብቃል። አወራለታለሁ፤ እዚህም ወደ ታች ይመጣል። እኛ ቤት ግን ከኮምፖስቱ በፊት መፈታት የነበረበት ጥያቄ ሌላ ነበር። መሬቱን ማን ይረከባል?

አባቴ እርሻውን የተረከቡት ከአያቴ ነው። እኛ አራት ልጆች ነን። ታላቅ እህቴና ታላቅ ወንድሜ ከተማ ገብተው ሥራ ይዘዋል። እኔና ታናሽ ወንድሜ እርሻው ላይ ቀረን። ስለ ርክክብ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። አባት ቆሞ እየሄደ ውርስ ማንሳት ሞቱን የመመኘት ያህል ያስፈራል። ስለዚህ ሁላችንም ጭጭ።

ዝምታው ግን ማሳው ላይ ይታይ ነበር። ተዳፋቱ ላይ እርከን እንሥራ ስለው ታናሼ፣ «ነገ ለማን እንደሚደርስ ሳናውቅ?» ይለኛል። ምን ልበለው? እርከን ዛሬ ወገብ ይቆርጣል፣ ከማሳውም ላይ ቦታ ይሻማል። ጥቅሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ዛፍ መትከልም፣ አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከምም እንደዚያው። ተረካቢው ያልታወቀ ማሳ እንደ ኪራይ ቤት ነው። ሁሉም ይኖርበታል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ግን ማንም አይጠግነውም።

ስለዚህ ለእኔ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ንግግሩ፣ ከዚያ አፈሩ። ከአፈሩ ጀምሩ የሚሉ አሉ። አልስማማም። የቤት ጉዳይ ሳይፈታ የተሠራ እርከን ወንድማማቾች ሲካፈሉ ሲፈርስ አይቻለሁ።

ንግግሩን ያስጀመረችው እማዬ ናት። «ማን ይወርሳል?» አላለችም። «እኔና አባታችሁ ጉልበታችን ሲደክም በምን እንኖራለን?» አለች። ይቺ ጥያቄ በሩን ከፈተችው። አባቴ ስለ ውርስ ቢጠየቁ ይቆጡ ነበር። ስለ ሚስታቸው እርጅና ሲጠየቁ ግን ተቀመጡ። እናንተም ከዚህ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። አዛውንቶች መሬቱን ጨብጠው የሚይዙት ስስታም ስለሆኑ አይደለም። እጃቸው ላይ ያለው ዋስትና እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እኛ መጀመሪያ የጻፍነው ነገር የእነሱን ድርሻ ነው። በሕይወት እስካሉ ድረስ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ከምርቱም ከማንም በፊት የእነሱ ድርሻ ይነሣል። ይህ ከተጻፈ በኋላ የአባቴ ፊት ተለወጠ፤ የቀረውን ማውራት ቀለለ።

ቀጥሎ የመጣው የክፍፍል ጉዳይ ነው። ታላቅ ወንድሜ እኩል እንካፈልና እንገላገል አለ። እርሳስ አነሣሁና አሰላሁለት። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ለአራት ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,500 ይደርሰዋል። እነዚያ ደግሞ አራት አራት ቢወልዱ፣ ለአንድ የልጅ ልጅ 625 ካሬ ሜትር ብቻ! እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ድንበር አለ፣ መተላለፊያ አለ፣ የውሃ ጭቅጭቅ አለ። ጎርፍ ደግሞ የማንንም ድንበር አያከብርም። ላይኛው ወንድም ውሃውን ካልያዘ የታችኛው ማሳ ይታጠባል።

«እሺ፣ ታዲያ እርሻው ላይ ያላችሁት ሁለታችሁ ውሰዱት ነው?» አለች እህቴ። «እርሻው ላይ የለሁም ማለት ልጅ አይደለሁም ማለት አይደለም።» ልክ ናት። በሌላ በኩል ክረምት ከበጋ አፈር የገፋና በዓመት አንዴ የሚመጣ ሰው እኩል ይካፈሉ ማለትም ፍትሕ አይደለም። እኛን ያስታረቀን ሁለት ነገሮችን መለየታችን ነው። የሥራ ዋጋ ሌላ፣ የባለቤትነት ዋጋ ሌላ። እርሻው ላይ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሥራ ክፍያውን ያገኛል፣ ልክ እንደ ቅጥር ሰው። ከዚያ ለአፈሩና ለመጠባበቂያ የሚሆን ይቀመጣል። የተረፈው ለአራታችን እኩል ይከፈላል። መሬቱ አይቆራረጥም። ከአራታችን መውጣት የሚፈልግ ካለ ድርሻውን በቅድሚያ ለእኛ ያቀርባል፤ እኛም በአንዴ ሳይሆን በዓመታት ከፍለን እንጨርሳለን።

ይህን ስትጽፉ የማያስደስቱትንም ጉዳዮች አትዝለሉ። ከመካከላችን አንዱ ቢሞትስ? ትዳር ቢፈርስስ? አንዱ ታሞ መሥራት ቢያቅተውስ? አንዱ ድርሻውን አስይዞ ቢበደርስ? ሰው ተስማምቶ ሲቀመጥ እነዚህን ማንሳት ሟርት ይመስላል። ግን ሰላም ባለበት ጊዜ ካልተጻፉ በጸብ ጊዜ አይጻፉም። የመሬት ሕግ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። መሬት የማይሸጥበት አገር አለ፤ ከተወሰነ መጠን በታች መክፈል የሚከለከልበትም አለ። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተስማማችሁበትን ወረቀት ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትፈርሙ።

ይህ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ካሉት ከ570 ሚሊዮን በላይ እርሻዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቤተሰብ እርሻዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 ያለው ጊዜም በተባበሩት መንግሥታት የቤተሰብ እርሻ አሥርት ዓመታት ተብሎ ተሰይሟል። ስያሜው ጥሩ ነው። ጉዳዩ የሚያልቀው ግን ያው ጓዳ ውስጥ ነው።

ወረቀቱ ተፈረመ ማለት ርክክቡ አለቀ ማለት አይደለም። ርክክብ በአንድ ቀን አይሆንም። አባቴ ጥሩ ዘዴ ይዘው መጡ። አንድ ማሳ ሙሉ በሙሉ ለእኔ ለቀቁ። ጉልበቱን ሳይሆን ውሳኔውን ማለቴ ነው። ምን እንደምዘራ፣ መቼ እንደምዘራ፣ ምን እንደምጨምርበት፣ ምርቱን መቼ እንደምሸጥ፤ ሁሉም በእኔ። ቢከስርም የእኔ ነው። አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ፤ ካልጠየቅኳቸው አይናገሩም። ለእሳቸው ይህ ከማረስ የከበደ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ሁለተኛው ማሳ፣ ከዚያ የከብቶቹ ጉዳይ፣ በመጨረሻ የገንዘቡ። ብዙ ቤት ሥራው ለልጅ ይሰጥና ገንዘቡ አባት እጅ ይቀራል። እንዲህ ያደገ ልጅ ጉልበት እንጂ ገበሬ አይሆንም። አንድ ቀን ጥሎ ቢሄድ አይደንቅም።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። እርሻን የቅጣት ቦታ አታድርጉት። «ካልተማርክ እዚሁ ትቀራለህ» እየተባለ ያደገ ልጅ እርሻን ምን ብሎ ይወዳል? ታናሼ እርሻ ላይ የቀረው በልጅነቱ ጥቂት ዶሮዎች ስለተሰጡትና የእንቁላሉን ሳንቲም ማንም ስላልነካበት ነው። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው።

አባቴ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን እውቀት ደግሞ ማውጣት ነበረብን። የትኛው ጥግ ላይ ውሃ እንደሚተኛ፣ የትኛው ማሳ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ አረሙ ከየት በኩል እንደሚጀምር ያውቃሉ። አልተጻፈም እንጂ። አሁን እያንዳንዱ ማሳ በደብተር ላይ የራሱ ገጽ አለው። የተዘራው፣ የተዘራበት ቀን፣ የገባው ፍግና ማዳበሪያ፣ የታየው በሽታ፣ የተገኘው ምርት ይጻፋል። ዝናቡንም እንለካለን። ቀጥ ያለ ጎን ያለው ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር ነው። ይህን ስናሰላ ነው የጣሪያውን ውሃ በከንቱ መልቀቅ ያንገበገበን። በርሜል ገዛን።

አሁን ወደ አፈሩ።

እንግሊዝ አገር ሮታምስተድ የሚባል የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ሳያቋርጡ የሚያካሂዷቸው የማሳ ሙከራዎች አሉት። ከእነሱ በአንዱ የገብስ ማሳ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1852 እስከ 1871 በየዓመቱ ፍግ ይደረግ ነበር። ከዚያ ቆመ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ያ ቁራጭ መሬት ፍግ ነክቶት ከማያውቀው ጎረቤቱ የበለጠ ካርቦንና ናይትሮጅን ይዞ ተገኝቷል። ፍጉን የበተኑት ሰዎች ቀርቶ የልጅ ልጆቻቸውም የሉም። ይህን ያነበብኩ ቀን ለታናሼ ነገርኩት። «እንግዲያው ተረካቢው ከታወቀ ይበቃል» ብሎ ሳቀ።

ተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ታላላቅ ሜዳዎች ሣሩ ተገልብጦ ታርሶ ነበር። ድርቅ ሲመጣ የተራቆተውን አፈር ነፋስ ጠርጎ ወሰደው። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ውርሱ ላይ ቢስማሙም ባይስማሙም የሚወረስ አፈር አልቀረም።

አፈራችሁ ያለበትን ለማወቅ ላቦራቶሪ ብትልኩ ጥሩ ነው፤ በተለይ አሲዳማነቱን ለማወቅ። እስከዚያው ግን ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሙከራዎች አሉ። እኔ የምወደው የጓሉን ነው። በደንብ የደረቀ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል የአፈር ጓል ከማሳው፣ ሌላ ደግሞ ታርሶ ከማያውቅ ከአጥር ሥር አምጡ። ሁለት የመስታወት ብርጭቆ ውሃ ሙሉና በወንፊት ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንከሩ። የአጥር ሥሩ ጓል እንዳለ ይቀመጣል፤ ውሃውም ጥርት ያለ ነው። የተጎዳው የማሳ አፈር ግን ወዲያው ይፈርሳል፤ ውሃው ይደፈርሳል። ዝናብ ሲመታው ማሳው ላይ የሚሆነውም ይሄው ነው። አፈሩ ይፈርስና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ውሃው መስረግ ትቶ ይሮጣል። አባቴን በንግግር ማሳመን ያቃተኝን እነዚህ ሁለት ብርጭቆዎች አሳመኑልኝ።

ሁለተኛው የባቄላ ሥር ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና የመሳሰሉት ሥራቸው ላይ ትናንሽ እባጮች ያወጣሉ። ውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ያቀርባሉ። ማበብ ሲጀምር አንዱን ተክል በአካፋ ቆፍራችሁ አውጡ፤ አትንቀሉት፣ እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። አንዱን እባጭ በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም። እባጭ ከነአካቴው ከሌለ አፈሩ በጣም አሲዳማ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ለዚያ ሰብል የሚሆነው ባክቴሪያ የለም ማለት ነው። ስታጭዱም ከአፈር በላይ እጨዱ፤ ሥሩ እዚያው ይቅር። እኛ ስንዴን ከጥራጥሬ ጋር እናፈራርቃለን። ሁሌ ስንዴ በስንዴ ላይ መዝራት በሽታውንም አረሙንም መቀለብ ነው።

ማፈራረቅ ብቻውን ግን አይበቃም። ከናይትሮጅኑ ብዙው ከፍሬው ጋር ተጭኖ ይሄዳል። ፎስፈረስና ፖታሲየም ደግሞ ከአየር አይመጡም። ምርት በሸጣችሁ ቁጥር ከአፈር ላይ የሆነ ነገር ሸጣችኋል። ስለዚህ የፋብሪካ ማዳበሪያ ጨርሶ አይነካም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ከፍግና ከኮምፖስት ጋር፣ በልኩ፣ አፈሩ በጎደለው መጠን እንጠቀማለን። ብቻውን ሲሆን ነው ችግሩ።

ኮምፖስቱ እነሆ። በግምት ሁለት እጅ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተከታተፈ አገዳ፤ አንድ እጅ ደግሞ ፍግና እርጥብ ሣር። በሳይንሱ ቋንቋ ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን የሚባለው ነው። እርጥበቱን በእጃችሁ እወቁ። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ቢንቆረቆር በዝቷል። ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የአረም ዘርና አብዛኛውን በሽታ ይገድላል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ብረት መሐሉ ድረስ ወግታችሁ ትንሽ አቆዩት። ስታወጡት እጃችሁ ላይ ይዛችሁ መቆየት ካቃታችሁ ቁልሉ እየሠራ ነው። ሲቀዘቅዝ አገላብጡት፤ ዳር የነበረው ወደ መሐል ይግባ። የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል።

አስቸጋሪው ነገር ገለባውን ከየት ማምጣት ነው። አፈሩም ይፈልገዋል፣ ከብቶቹም ይፈልጉታል። ማገዶ ለሆነበት ቤት ደግሞ ሦስተኛ ተሻሚ አለ። ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ብዙዎች «ተረፈ ምርቱን ማሳው ላይ ተዉት» ብለው ያልፋሉ። ላሚቷን ማን ይቀልባት? እኛ ከብቶቹን መቀነስ ነበረብን። አባቴ ለዚህ እሺ ለማለት ከውርሱ ጉዳይ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። አሁን ያሉት ጥቂት ናቸው፤ በደንብ ይበላሉ፣ በረት ውስጥ ስለሚውሉ ፍጋቸው አይባክንም። ድርቆሽ የሚሆን ሣር እርከኑ ላይ እናበቅላለን። ከገለባውም ግማሽ ያህሉን ማሳው ላይ መተው ቻልን።

እርከኑን ለሚሠራ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ መስመሩ ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ እኩል ከፍታ ይከተል። በዓይን አትገምቱ። ሁለት እኩል እንጨቶች አናታቸውን እሰሩና «ለ» ፊደልን አስመስሉ። መሐላቸው ላይ አግዳሚ እንጨት ምቱ። ከአናቱ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ አንጠልጥሉ። አቁሙትና ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት አድርጉ። እግሮቹን ቦታ አለዋውጣችሁ እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ የውሃ ልክ ነው። ከዚያ አንዱን እግር አስቀምጡ፣ ሌላውን ሲባጎው እኩሌታው ላይ እስኪያርፍ አንቀሳቅሱ፣ ችካል ምቱ፣ ቀጥሉ። መስመሩ ይጣመማል። ይጣመም! ቀጥ ያለ መስመር ለዓይን ያምራል እንጂ ውሃውን አንድ ቦታ ሰብስቦ እርከኑን ይጥሰዋል።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ። በጥሩ ዓመት ከተገኘው ላይ ለክፉ ዓመት እናስቀምጣለን፤ ይህ ከክፍፍሉ በፊት የሚነሣ ነው። ለአንድ ወቅት ግብዓት ብለን መላውን እርሻ አናስይዝም። ብድሩ ቢበላሽ የሚሄደው ያንድ ዓመት ምርት እንጂ የአራት ሰው ውርስ እንዳይሆን።

ስምምነታችንን በየዓመቱ ምርት ከገባ በኋላ አራታችንም ተሰብስበን እናነበዋለን። የሚለወጥ ካለ ይለወጣል። አሁን አዲስ ጉዳይ መጥቷል። የእህቴ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ እርሻው ላይ መሥራት እፈልጋለሁ ብሏል። ወረቀታችን ስለ ልጆቻችን ምንም አይልም። ታናሼ፣ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ተቀጥሮ ይታይ ይላል። እህቴ ደግሞ «በእኔ ድርሻ ላይ ይግባ» ባይ ናት። አባቴ ሁለቱንም አልወደዱትም። «እኔ ለልጄ እንደሰጠሁት አንድ ማሳ ይሰጠው» ይላሉ። የትኛው ማሳ የሚለው ላይ ነን።